ማሽኑ የቆጠረው ሰው

እኔና በእውቀቱ ጆንያውን በእጃችን እየሳብን ነው፣ ጓደኛችን ስማቸው ከሥር ይጣራል። መካነ ሰላም፣ ማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነን። ጆንያ የሚደረድረው ማሽን አጣሞ የከመረው ተናደብን፤ እኛ እንደምንም ወጣን፣ ስማቸው ከሥር ቀረ።

ማሽኑ ቢሠራ በአምስት ደቂቃ ያወጣው ነበር። ግን ውስጥ ሰው ካለ አይንቀሳቀስም፤ ስንት ሰው እንዳለም በሩ ላይ ያለው ስክሪን በትንፋሽ ቆጥሮ ያሳያል።

እኛ ጫኝና አውራጆች ልማድ አለን። ሸክም የከበደው «አላችሁ?» ካለ፣ የሰማ ሁሉ «አለን» ይላል።

«አላችሁ?» ይላል ስማቸው።

«አለን ወንድሜ፣ መጣንልህ።»

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አላችሁ?»

«ጆሮው ተደፍኖ ነው» አለ በእውቀቱ። ስንስብ ቆየን፣ ክምሩ ግን አልቀነሰም።

የመጋዘን ኃላፊዋ ዘይነባም ከእኛው ጋር ከናዳው ወጥታ አብራን ስትስብ ነበር፣ ቀና ብላ ስክሪኑን አየች።

«ኧረ ልጆች፣ አንድ ሰው ነው የሚለው።»

«ከስማቸው ጋር አራት ነን እኮ» አልኳት።

«አንድ ነው ያልኩህ።»

«ተበላሽቷላ» አልኩ።

ያኔ ዘበኛው ጋሽ ይሄነው እየሮጡ ገቡ። ስክሪኑ ሁለት አለ።

«ጋሼ፣ ያግዙን እስቲ» አለች ዘይነባ። ዞር ብለው አላዩዋትም። በመሀላችን አልፈው ክምሩ ላይ ተደፉ።

«ስማቸው፣ አለህ ልጄ? ሌሎቹስ?»

«ጎኔ ነበሩ ጋሼ። ብጣራ ብጣራ አይመልሱልኝም።»

በእውቀቱ እጁ ጆንያው ላይ ቀረ። እናንተ ብትሆኑ መሳባችሁን ትቀጥላላችሁ፣ ወይስ ከስማቸው ጎን ማን እንደተኛ ላለማየት ትተዋላችሁ?