ያለ ወላሂ

የካሜራዋ ፍላሽ ብልጭ አላለም። ፎቶ ልታነሳ የተጠራችበት የሠርግ ኒካህ ላይ፣ ሽማግሌ ሁሉ እያያት፣ ኢቅራ ደጋግማ ብትጫነው እንደ ድንጋይ ዝም አላት። ሰዉ ምሳ ላይ ሳለ ወደ አባቷ ፎቶ ቤት ተመለሰች። ታላቅ ወንድሟ ጀሚል ወንበሩ ላይ ተንፈላሶ ስልኩን ይነካካል።

«እምቢ አለሽ?» አለ ቀና ሳይል። «ነግሬሽ ነበር ኢቅርዬ። የአባባን ዘመን ዕቃ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ አይችለውም። በይ፣ እንደ ቃልሽ ቤቱን ስልክ መሸጫ እናድርገው።»

የዛሬው የፎቶ ሥራ ካልተሳካላት ቤቱን ልትለቅለት ቃል ገብታለች። ግን ጠዋት እዚሁ ስትሞክረው ቦግ ብሎ በርቶ ነበር። ልብሷን ልትቀይር ጓዳ ስትገባ ደግሞ አጠገቡ የቀረው ጀሚል ብቻ ነው።

«ነክተኸዋል?»

«ባትሪሽ ነው እንጂ፣ እኔ ምን አደርገዋለሁ።»

«እስቲ ወላሂ በል።»

ቆቦ ገበያ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ወላሂ ሲል የሚውለው ሰው ስለ ቮልት ማውራት ጀመረ።

ክዳኑን ከፍታ ባትሪዎቹን አወጣች። የአንዱ ጫፍ ላይ ጥፍር የምታክል ነጭ ፕላስተር ተለጥፋለች። ልጣ አነሳቻትና ስልኩ መስታወት ላይ ለጠፈችለት። ባትሪውን ስትመልሰው ፍላሹ እንደ ትንኝ ጮኸ፤ ዝግጁ መሆኑን የሚያሳየው ቀይ መብራትም በራ።

«ወላሂ፣ ለሁለታችን ብዬ ነው» አለ ጀሚል።

ይቺኛዋን ወላሂ አመነችለት። ፍላሹን ይዛ ወደ ሠርጉ ልትመለስ ወጣችና በሩን ዘጋችው።