መልስ እስኪገኝ

ለጋብቻ ጥያቄ የመጡት ሽማግሌዎች ከወጡ በኋላ ሻያቸው እንኳ ሳይቀዘቅዝ ከሕንፃው መግቢያ የሚደወልበት የበሩ ስልክ ይጮኻል። አቶ ይበልጣል ያነሱታል።

«ወንድም ይበልጣል፣ አሸናፊ ነኝ። ልጁ አልሄድም አለ።»

«የትኛው ልጅ?»

«ኮናል ነዋ! ታች ሲጠብቀን ነበር። ‹ተመካክረን እንነግራችኋለን› እንዳላችሁን ነገርኩት። በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፣ ወጉ ነው ብዬ ብነግረውም አይሰማም።»

ይበልጣል በረንዳው ላይ ወጥተው ቁልቁል ያያሉ። የልጃቸው የሩቲ ፍቅረኛ በሙሉ ልብሱ ብስክሌት ማቆሚያው ብረት ላይ ተቀምጧል፤ የሆላንዱ የኦስዶርፕ ሰፈር ዝናብ ትከሻውን አጥቁሮታል።

መልሱን ያዘገዩት ለወግ ብቻ እንዳልሆነ እሳቸው ያውቃሉ። የቤልፋስት ልጅ ነው፤ አባቱ ካቶሊክ፣ እናቱ ፕሮቴስታንት። በቤተ ክርስቲያን ስም ከተጋደለ አገር ለመጣ ሰው ልጃቸውን መዳር ፈርተዋል። ሽማግሌ ባይመለስ አይከፋቸውም።

ወደ ስልኩ ይመለሳሉ። «ለምን ዛሬን መረጠ?»

«ልደቱ ነው። በፈረንጆቹ 1998፣ ኤፕሪል አሥር። ያን ቀን የሰሜን አየርላንድ ፖለቲከኞች ሰላም ለማውረድ ይደራደሩ ነበር። ቀነ ገደቡ ሌሊቱን አለፈ፤ እነሱ ግን ተነስተው አልሄዱም። እናቱ ምጥ ላይ ነበረች። ለዓመታት የተኳረፉት ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ አያቶቹ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ለአንድ ሬዲዮ ጆሮ ሰጥተው ተቀመጡ። ስምምነቱም ልጁም የመጡት በዚያው ቀን ነው። መልስ ሳይገኝ ከደጅ አይኬድም ይላል።»

«ፓፓ፣ ዱ ኖርማል!» ሩቲ ከመኝታ ቤት በሆላንድኛ ‹እንደ ሰው ሁን እንጂ› ስትል ትጮኻለች። «ሳንባ ምች ሊይዘው ነው እኮ!»

«እውነቷን ነው» ይላሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዕፀገነት። «አንተስ አባቴ ደጅ ስንቴ ተመላለስክ?»

«የተመላለሱት ሽማግሌዎቼ ናቸው። እኔ አልበሰበስኩም።»

«ድሮስ አንተ!»

ይበልጣል ፈገግታቸውን ዋጥ አድርገው ስልኩን ወደ አፋቸው ያስጠጋሉ። «አያቶቹስ? ከዚያ በኋላ ታረቁ?»

ታች ይንሾካሾካሉ፤ ከዚያ የአሸናፊ ሳቅ ይሰማል። «እስኪሞቱ ሲጨቃጨቁ ኖሩ ይላል። ግን በልደቱ ቀን፣ በየዓመቱ፣ አንድ ሶፋ ላይ ሆነው።»

ይበልጣል አውራ ጣታቸውን የታችኛው በር መክፈቻ ቁልፍ ላይ ያሳርፋሉ። ታች በሩ እየነዘረ ይከፈታል፤ አንድ ቸኳይ እግር ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ደረጃውን ይወጣል።

ዕፀገነት ደረቅ ፎጣ ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ይበልጣል ጣታቸውን ገና አላነሱም።