ትልቋ ዓሣ

እናት ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር አጠገብ ከባሏ ጋር ተራዋን ስትጠብቅ፣ ትንሿ ልጇ እዚያ ባለው የዓሣ ገንዳ መስታወት ላይ የተለጠፈውን ጮክ ብላ አነበበች፤ «ትልቋ ሴቷ ናት። እሷ ከሞተች ባሏ ሴት ሆኖ ቦታዋን ይይዛል።»

«ሰማህ አንተ?» አለች እናት ባሏን ጎሸም አድርጋ። «ጉድህ ፈላ። ሻይ እንኳ አፍልተህ አታውቅም።»

ባሏ አልሳቀም። የልጅቷ ጸጉር መፈታቱን አይቶ በጉልበቶቹ መሀል አቆማትና ለሦስት ከፍሎ ይጎነጉነው ጀመር። ወፋፍራም ጣቶቹ አንዴም አልተሳሳቱም። እናት ልታግዘው የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«መቼ ለመድክ?»

«አባዬን ሐኪሙ ለብቻው ካናገረው ቀን ጀምሮ በአሻንጉሊቴ ሲለማመድ ነበር፣ እማዬ» አለች ልጅቷ።

እሱ ቀና ሳይል የጉንጉኑን ጫፍ፣ ልክ ሚስቱ እንደምታደርገው፣ ሁለቴ ጠምዝዞ አሰረው።