የሞካሪው ስም

ሰውየው ፌሮ ይዞ የሶፍትዌር ድርጅቱ ቢሮ የገባው በቀጥታ ከሆስፒታል መጥቶ ነው። ሸሚዙ ላይ የታናሽ ወንድሙ የአምሳሉ ደም ገና አልደረቀም። አምሳሉ የሚሠራበት የእንጨት መሰንጠቂያ ጠዋት ማቆሚያው ቢጫን አልቆም ብሎ ቀኝ እጁን ከክርኑ ቆርጦታል።

መሰንጠቂያውን የሚያዘው ኮምፒውተር የሚሠራው ማንም በነጻ በሚወስደው ሲስተም ነው። ድርጅቱ ደግሞ ለሲስተሙ ጥገናና ድጋፍ ይሸጣል፤ ባለፈው ሳምንት አዲሱን አፕዴት የጫነው የድርጅቱ ባለሙያ ንጋቱ ነበር።

ሰውየው የንጋቱን ትከሻ በፌሮው መታው። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ።

«የወንድሜን የአምሳሉን እጅ ያስቆረጠውን አፕዴት ይሠራል ብለህ የጫንከው አንተ ነህ?»

«እኛ ብቻ አይደለንም» አለ ንጋቱ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ። «አፕዴቱ ከመውጣቱ በፊት በጎ ፈቃደኞች በየማሽናቸው ይሞክሩታል። መሰንጠቂያ ላይ የሞከረው ሰው ይሠራል ብሎ ጽፎልናል።»

«ስሙን ንገረኝ። እሱን ነው የምገድለው።»

«ስሙ ይቅርብዎት፣ ወንድሜ።»

ሁለተኛው ምት መንጋጋው ላይ አረፈ። ንጋቱ ደም ተፋ፤ ስሙን ግን አልተናገረም። ሰውየው በጸጉሩ ጎትቶ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠውና ፌሮውን ማጅራቱ ላይ ደገነበት።

«ክፈተው።»

ንጋቱ በደህናው እጁ የሞካሪውን ጽሑፍ ከፈተ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«የመሰንጠቂያውን ማቆሚያ ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ ያለ ችግር ይሠራል። አምሳሉ ወንድይፍራው።»