የይሁኔ ሰላምታ

ሐኪሙ «የእናትሽ ልብ ድንገት ሽምጥ ይጋልባል፤ ድንጋጤ ቀጥ ሊያደርገው ይችላል» ስላላት፣ ወንድሟ ይሁኔ በስደት ሪያድ ከተማ መሞቱን ከእናቷ ደበቀች። ጥቁር አልለበሰችም፤ አላለቀሰችም። በየእሑዱ «ይሁኔ ደውሎ ነበር፤ ሰላም ብሎሻል» ትልና የእናቷን እጅ ይዛ ትርታቸውን ታዳምጣለች። ሁልጊዜ ይፈጥናል። የደስታ ነው ብላ ራሷን ብታጽናናም፣ በሆዷ «ይቅር በይኝ» ሳትል ውላ አታውቅም።

ዛሬም ገና «ይሁኔ...» ስትል እናቷ አፏን በመዳፋቸው ያዙት።

«ተይ ልጄ። ዛሬ እኮ ሙት ዓመቱ ነው።»

«ማን ነገረሽ እማዬ?»

«የነፍስ አባቴ ያኔውኑ አርድተውኛል። አንቺ እንዳትሰበሪብኝ ብዬ ዝም አልኩ። ልቤን የሚያስጋልበው ይኸው ሰላምታሽ ነው።»

ከትራሳቸው ሥር ሁለት ጥቁር ነጠላ አወጡና አንዱን ዘረጉላት።