የእሑድ ሙቀት

ገብረኣብ የነገን ሙቀት ዛሬ እየጻፈ ነው። ቅዳሜ ጠዋት 4፣ ቅዳሜ ከሰዓት 5። ቅዳሜና እሑድ ጤና ጣቢያው ስለሚዘጋ የክትባቱን ፍሪጅ የሚያይ ሰው የለም፤ ሰኞ የሚመጣው ተቆጣጣሪ ግን በሙቀት ቅጹ ላይ ባዶ ሳጥን አይወድም። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት የሁለቱን ቀን አስቀድሞ ይሞላል። ሁሉንም 4 አያደርገውም። ሁሉም 4 ከሆነ ያስጠረጥራል።

እሑድ ጠዋት 4 ብሎ ቀና ሲል ፈዲላ በሩ ላይ ቆማለች። ልጅ አልያዘችም። የያዘችው ቢጫ የክትባት ካርድ ነው፤ እንዳይቆሽሽ በላስቲክ ጠቅልላዋለች።

ልጇ ሀጀር ባለፈው ሳምንት ረቡዕ በኩፍኝ ሞታለች። ገብረኣብ ያውቃል። በላምበረት ሰፈር ኩፍኝ የያዛቸውን ልጆች መዝገብ የሚይዘው እሱ ነው።

እግዜር ያጽናሽ፣ ተቀመጪ ይላታል። ቅጹን ገልብጦ ክርኑን ይጭንበታል።

አትቀመጥም። የምትለውን መንገድ ላይ ስታሰናዳው የመጣች ይመስላል፤ ሳታቋርጥ ትናገራለች። አማቷ ከመጀመሪያውም ልጅቷን መርፌ አታስወጊ ብለዋት ነበር። እሷ ግን መገናኛ ጉልት እሄዳለሁ እያለች፣ ተደብቃ አምስቱንም ጊዜ አምጥታታለች። አሁን በቤቱ ውስጥ የሚያናግራት የለም። ባሏ ሙስአብ የደሴ መስመር ሹፌር ነው፤ ከቀብሩ ወዲህ ከአፉ የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። ነገ ጭነት ይዞ ከመውጣቱ በፊት መልሱን ይፈልጋል።

«ሂጂና ጠይቂያቸው አለኝ፣ ዶክተር። ወይ መርፌው ነው፣ ወይ አንቺ ነሽ አለኝ።» ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ምን እንዳጎደልኩ ይዩልኝ።»

አምስቱም መስመር ሙሉ ነው። አምስቱም በገብረኣብ እጅ የተጻፈ ነው። የመጨረሻው፣ የኩፍኙ፣ ኅዳር 10 ቀን 1988 ይላል። ያንን ሰኞ ለማስታወስ ካርድ አያስፈልገውም።

ከዚያ በፊት የነበረውን ቅዳሜና እሑድ መብራት ጠፍቶ ነበር። ሰኞ ጠዋት ፍሪጁን ሲከፍት በረዶው ቀልጦ ውሃ ሆኗል፤ ቴርሞሜትሩ 24 ያሳያል። የፍሪጁ በር ላይ የተለጠፈው ቅጽ ግን 4፣ 5፣ 4፣ 5 ይላል። እውነቱን ቢያመለክት የቅጹ ነገር ይወጣል። ውጭ ሠላሳ አንድ እናቶች ተሰልፈዋል። ቶሎ ለመጨረስ አራቱንም የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ በአንድ ጊዜ በጠበጠና፣ በረዶ ላይ መቀመጥ የነበረባቸውን፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ደረደራቸው።

የኩፍኝ ክትባት ሕይወት አለው። ጉልበቱ የደከመ በሽታ ነው፤ ደም ከእሱ ጋር ታግሎ ነው እውነተኛውን መመከት የሚማረው። ከተበጠበጠ በኋላ ሙቀት ላይ ከዋለ ይሞታል። ደም ከሞተ ነገር የሚማረው የለም። ሀጀር በሰልፉ ሃያ ስምንተኛ ነበረች፤ ተራዋ ሲደርስ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። በዚህ ወር መዝገቡ ላይ ካሰፈራቸው የኩፍኝ ሕሙማን ዘጠኙ የዚያ ሰኞ ልጆች ናቸው።

መቼ ነበር የተወለደችው ብሎ ይጠይቃታል፣ ካርዱ ላይ ተጽፎ እያየው።

«የካቲት አራት።»

ጣቶቹን እያጠፈ ይቆጥራል። ፈዲላ ጣቶቹን ትከተላለች። ኩፍኝ የሚከተቡት በዘጠኝ ወር ነው፤ ሀጀር ዘጠኝ ወር የሞላት ኅዳር 4 ነበር።

«ስድስት ቀን ዘግይተሻል» ይላታል። ድምፁ የፈራውን ያህል አይንቀጠቀጥም።

ስድስት ቀን መዘግየት ክትባቱን ምንም እንደማያደርገው ያውቃል። ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ የለም።

«ስድስት ቀን» ትላለች ፈዲላ። ትንሽ ታስባለች። «ኅዳር አራት እኮ መጥቼ ነበር። ማክሰኞ ነበር። ጋሽ ሰዲቅ ክትባት ሰኞ ብቻ ነው ብለው ከበር መለሱኝ።»

ዘበኛውን ከሰኞ ውጭ የመጣን ሁሉ ከበር እንዲመልሱ ያዘዛቸው ገብረኣብ ነው። ነቃችብኝ ብሎ ይጠብቃል። እንድትነቃበት የሚፈልግ አንድ ነገርም ውስጡ አለ፤ ክርኑን ግን ከቅጹ ላይ አያነሳም።

«መለመን ነበረብኝ» ትላለች። «እግራቸው ላይ ብወድቅ ያስገቡኝ ነበር። ዝም ብዬ ተመለስኩ።»

ካርዱን ጥግ ለጥግ አስተካክላ በላስቲኩ መልሳ ትጠቀልላለች። ስላስቸገረችው ይቅርታ ትጠይቀዋለች፤ አላህ ይስጥልኝ ብላው ትወጣለች።

በመስኮቱ ያያታል። በሩ ጋ ስትደርስ ጋሽ ሰዲቅ ሊያጽናኗት ከአግዳሚው ይነሳሉ። የምትላቸው አይሰማውም። የአንድ እጇን አምስት ጣቶችና የሌላውን አውራ ጣት ስታሳያቸው ግን ይታየዋል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው፣ ቀስ ብለው መልሰው ይቀመጣሉ። ፈዲላ ትከሻቸውን ነካ አድርጋ ወደ አስፋልቱ ትሄዳለች።

ገብረኣብ ቅጹን ይገለብጠዋል። የቀረችው አንዲት ሳጥን ናት። እሑድ ከሰዓት፣ 5።