ሟቹ ሽማግሌ ላኩ

ዘጋቢ ፊልም የተናገረው ሁሉ በሕግ የሚጸናበት ዘመን ነበር። የውጭ አገር ሰዎች ሐዋሳ መጥተው ስለ ዓሣ ነጋዴዋ ስለ ወይዘሮ የሺመቤት ፊልም ሠሩና፣ ታሪኩ አንጀት እንዲበላ ብለው ባላቸው የሞተባቸው አደረጓቸው። ፊልሙ በታየ ማግስት የቤቱ በር የባልየውን የአቶ አንዳርጌን አሻራ «የሟች ነው» ብሎ አልከፍት አለ። ሟችን ማሳደር ደግሞ ያስቀጣል።

አቶ አንዳርጌ በቁማቸው ሞተው እህታቸው ቤት ተደብቀው ሰነበቱ። ሕጉ ሟች አያስነሣም፤ መበለት እንዳታገባ ግን አይከለክልም። ስለዚህ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው እንደ አዲስ ሰው የገዛ ሚስታቸውን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሄዱ።

ሻይ ከተጠጣ በኋላ አንደኛው ሽማግሌ አቶ ላቀው ሳቃቸውን እየዋጡ፣ «ልጃችን ጨዋ ነው» ብለው ጀመሩ።

ወይዘሮ የሺመቤት አልሳቁም። «የቀድሞው ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደግ ሰው ነበር። ግን ዕድሜውን ሙሉ የበላበትን ሳህን አንሥቶ አያውቅም። እኚህስ?»

አቶ አንዳርጌ እምቢ ከተባሉ ሌላ ቤት የላቸውም። ብድግ አሉና የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስበው ዙሪያውን ቃኙ።

«ማድ ቤቱ በየት በኩል ነው?»